ዳኛውን ተዉት፣ የተጋደመውን እዩት

ይሄን ብሶት ካልተነፈስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ራግቢ ሊግ የምትከታተሉ ትረዱኛላችሁ። የማትከታተሉም አንብቡት፣ ማጭበርበር እንደሆነ በየትኛውም ስፖርት ያው ነው።

ጨዋታው ቀላል ነው። 13 ለ13 ነው። ኳስ የያዘው ቡድን ስድስት ጊዜ ታክል እስኪደረግ፣ ማለትም ተይዞ እስኪጣል ድረስ ይገፋል፤ እስከዚያ ካላስቆጠረ ኳሱን ያስረክባል። ከእያንዳንዱ ታክል በኋላ የወደቀው ተጫዋች ተነስቶ ኳሱን በእግሩ ወደ ኋላ ያንከባልላል። ተከላካዮቹ 10 ሜትር ማፈግፈግ አለባቸው። በቃ። ሁሉም ነገር የሚወሰነው የወደቀው ሰው በሚነሳባት በዚያች ቅጽበት ነው። ቶሎ ከተነሳ ተከላካዩ ገና እያፈገፈገ ስለሆነ ክፍተት ይገኛል። ከዘገየ መስመሩ ግድግዳ ሆኖ ይጠብቀዋል።

እናም ሌብነቱ በሙሉ የሚሠራው እዚያች ላይ ነው። ሦስት ሰው ይከመርበታል። አንዱ ይነሳል። ሁለተኛው ቀስ ብሎ ይነሳል። ሦስተኛው ክንዱን ደረቱ ላይ ጥሎ «ኧረ እየተነሳሁ ነው» በሚል ፊት ዳኛውን ያያል። ሲነሳ ደግሞ የሰውየውን ጭንቅላት ተደግፎ! ደክሞት እንዳይመስላችሁ። ልምምድ ላይ የተጠና ነው። ክለቦች የትግል አሰልጣኝ የሚቀጥሩት ለጌጥ አይደለም።

የአውስትራሊያው ትልቁ ሊግ ኤንአርኤል በ2020 መላ አገኘሁ አለ። ተከላካዩ ካዘገየ ጨዋታው በቅጣት አይቆምም፤ ዳኛው የታክሉን ቆጠራ እንደ አዲስ ያስጀምራል። «ሲክስ አጌን» የሚሉት ነው። እኔም አጨብጭቤያለሁ። አሰልጣኞቹስ ምን አደረጉ? ቁጭ ብለው አሰሉ። ተጋጣሚው ገና ራሱ ሜዳ ጥግ ላይ፣ አንደኛው ታክል ላይ እያለ ቆጠራው ቢታደስለት ምን ያተርፋል? አንዲት ታክል! ስለዚህ ሆን ብለው እላዩ ላይ ተኙና መስመራቸውን አስተካከሉ። ሊጉ ነቅቶ፣ አጥቂው ከራሱ የ40 ሜትር ክልል ሳይወጣ እንዲህ ከተበደለ ሙሉ ቅጣት ይሰጥለት ያለው በ2022 ነው። እስከዚያ ድረስ በሕጉ ተጫወቱበት፣ እኛም ላይ ተጫወቱብን።

በዚያው በ2020 ሌላም ነገር ሆነ። ከ2009 ጀምሮ ሜዳ ውስጥ ሁለት ዳኞች ነበሩ፤ ወደ አንድ ተመለሰ። አስቡት እንግዲህ። አንድ ሰው የ10 ሜትሩን መስመር ይጠብቃል። ክምሩ ውስጥ የማን እጅ የት እንደገባ ያያል። ይቆጥራል። ይሄን ሁሉ የሚያደርገው እየሮጠ ነው። ቢሳሳት ስታዲየሙ በሙሉ «ሌባ!» ይለዋል። ሌባው ግን ያውላችሁ፣ እየተነሳ ነው፤ ቀስ ብሎ።

ዳኛ አይሳሳትም አልወጣኝም። በ2019 የኤንአርኤል ፍጻሜ ሲድኒ ሮስተርስና ካንቤራ ሬይደርስ 8 ለ 8 ናቸው። ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ቀርቷል። ዳኛው ኳሱን የሮስተርስ ተከላካይ ነክቶታል ብሎ እጁን አውለብልቦ ለካንቤራ አዲስ ስድስት ታክል ሰጠ። የካንቤራው ጃክ ዋይተን ያንን አምኖ ኳሱን እንደያዘ ታክል ተደረገ። ለካ ውሳኔው ተቀይሯል፤ ያቺም የመጨረሻዋ ታክል ነበረች! ኳሱ ለሮስተርስ ሆነ፤ ብዙም ሳይቆዩ ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚ የግብ መስመር ማዶ መሬት ማስነካት) አስቆጥረው 14 ለ 8 ዋንጫውን ወሰዱ። የተቀየረው ውሳኔ እንደ ሕጉ ልክ ነበር፤ ኳሱን የነካው የካንቤራ ተጫዋች ነውና። ለዋይተን ግን ምን ይፈይድለታል? እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ቢሆንም ተንኮል የለበትም።

ደሜን የሚያፈላው ኳስ ይዞ ወድቆ የሚጋደመው ነው። የተከላካይ ክንድ አገጩን ዳሰስ ያደርገዋል። አይነሳም። ዓይኑን ጨፍኖ ይዘረጋል። ለምን መሰላችሁ? እሱ ከተጋደመ ጨዋታው ይቆማል፤ ከቆመ ቪዲዮ ዳኛው መላልሶ ያየዋል። በዝግታ ሲታይ ደግሞ ዳሰሳም ቡጢ ይመስላል። ቅጣት! አንዳንዴም ተከላካዩ ለ10 ደቂቃ ከሜዳ ይባረራል። ጀግናችንስ? ቅጣቱ እንደተሰጠ አቧራውን አራግፎ ይነሳና ኳስ ይዞ ይጋልባል። በእውነት ተመትቶ፣ ጥርሱን ነክሶ ተነስቶ የተጫወተው ግን ብዙ ጊዜ ምንም አያገኝም። ኮሜንታተሩ ይሄን «ብልጠት» ብሎ ያደንቃል። የጭንቅላት ጉዳት እኮ ቀልድ አይደለም። ጫማ ከሰቀሉ በኋላ ትዝታቸው እየጠፋባቸው የሚሰቃዩ ተጫዋቾች አሉ። ለእነሱ ሲባል የጠበቀው፣ ጭንቅላት መምታትን የሚከለክለው ሕግ ነው መነገጃ የሆነው።

እኔን ቢጠይቁኝ፣ ጭንቅላቴን ብሎ የተጋደመ ሁሉ በቀጥታ ወደ ሐኪም ይሂድ። ለምርመራው የተመደበው 15 ደቂቃ ነው። ቡድኑ የተሰጠለትን ቅጣት ይጠቀምበት፤ ሰውየው ግን 15 ደቂቃዋን ሙሉ ውጭ ይቀመጥ። የተጎዳ ከሆነ ይታከማል። ካልሆነ ደግሞ አሰልጣኙ በሚቀጥለው ልምምድ መጀመሪያ የሚያስጠናው ከወደቁበት መነሳትን ይሆናል።