ማስተካከያ፦ «ዘምቻለሁ» እና «ዜጋ ነኝ» የሚሉ ሐሰቶች በአሜሪካ ሕግ

«በአሜሪካ ዘማች ነበርኩ ብሎ የዋሸ ሁሉ ይታሰራል፤ ዜጋ ነኝ ማለት ግን ቀላል ነው» እየተባለ የሚዛመተው መረጃ ስህተት ነው።

ያልተሸለሙትን ወታደራዊ ኒሻን ተሸልሜያለሁ ማለትን ይቀጣ የነበረውን ሕግ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 እ.ኤ.አ. አልቫሬዝ በተባለ ተከሳሽ ጉዳይ ሽሮታል። በምትኩ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ የሚቀጣው በዚህ ውሸት ገንዘብ ወይም ሌላ ጥቅም ሊያገኝ ያሰበን ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ሁለተኛው ነው። ዜጋ ሳይሆኑ ለሥራ በሚሞላው አይ-ናይን ቅጽ ላይ «የአሜሪካ ዜጋ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ግሪን ካርድ ያስከለክላል፣ ከአገርም ሊያስባርር ይችላል። ምሕረቱ እጅግ ጠባብ ነው። ወገኖቼ፣ ቅጹን ሌላ ሰው ከሞላላችሁ ሳታስነብቡ አትፈርሙ፤ ከፈረማችሁም ቶሎ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።