«ነገርሻቸው?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን። ተረቱ የሚወቅሰው ታማሚውን ነው። እኔ አገር ቤትም እንግሊዝም ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ የበለጠ ያሳሰበኝ ግን የእኛ የአካሚዎቹ መደበቅ ነው።

አገር ቤት ሳለሁ አንድ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ዋርዱ ሞልቷል። የአንዱን ታማሚ የደም ግፊት ክኒን አጠገቡ ለተኙት አባት ሰጠኋቸው። ያወቅኩት ከዋጡት በኋላ ነው። ግፊታቸው ወረደ። እግራቸውን ከፍ አደረግኩ፤ በየግማሽ ሰዓቱ እየለካሁ አነጋሁ። አስታማሚ ልጃቸው «ሲስተር፣ አባዬ ምን ሆኖ ነው?» ስትለኝ «ድካም ነው፣ ይተዋቸዋል» አልኳት። ካርዱ ላይም አልጻፍኩም። ጠዋት ስወጣ አባትየው መረቁኝ።

ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ብናገር የሚጠብቀኝን አውቅ ነበር፤ የደመወዝ ቅጣት፣ የቤተሰብ ቁጣ፣ ምናልባትም ክስ። «እንዴት ሊሆን ቻለ?» የሚል አልነበረም። የሚጠየቀው «ማናት?» ነበር።

ከዓመታት በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ሌላ ስህተት ሠራሁ። በዕድሜ ለገፉ አንዲት እናት የደም ማቅጠኛ መርፌ ወጋኋቸው። ለካ የቀኑ ተረኛ ቀድማ ወግታቸዋለች። ለኃላፊዬ ስነግራት ደህና መሆናቸውን አጣራች፤ ወዲያው «ነገርሻቸው?» አለችኝ።

ከሐኪሙ ጋር አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥን። ምን እንደተሳሳትኩና ምን ሊያስከትል እንደሚችል ነገርናቸው። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ታዲያ እኔ ምን ልጠብቅ?» አሉ። የድድ መድማት፣ የሽንት መቅላት፣ ያለ ምክንያት የሚወጣ በለዝ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ካዩ እንዲጠሩን ነገርናቸው። ያን ሌሊት እሳቸውም አብረውኝ ራሳቸውን ጠበቁ።

የአገር ቤቱ ሌሊት ያኔ ገባኝ። እኚያ አባት ራሳቸውን ሲያዞራቸው ዝም ብለው ይሆናል። ለልጃቸው ድካም ነው ያልኩት እኔ ነኛ! ወደ መጸዳጃ ብድግ ብለው ቢወድቁስ? ግልጽነት ራሱ የሕክምናው አካል ነው ብዬ የማምነው ከዚያ ወዲህ ነው።

እንግሊዞችም ቢሆኑ ይህን የተማሩት በብዙ ሕይወት ነው። በስታፎርድ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2009 ታማሚዎች በከባድ ቸልተኝነት ተጎዱ። ቤተሰቦቻቸው ጮኹ፤ ለረጅም ጊዜ ሰሚ አላገኙም። በጠበቃው ሮበርት ፍራንሲስ የተመራው ምርመራ ሪፖርት በ2013 ወጣ። 290 ምክረ ሐሳቦች ነበሩት። በ2014 ደግሞ በስህተት ጉልህ ጉዳት ሲደርስ ሆስፒታሎች ለታማሚው እንዲናገሩ ሕግ አስገደዳቸው። የነርሶች የሥነ ምግባር ደንብም ስህተትን በግልጽ እንድንናገር ያዘናል። ለእኔ ትልቁ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የእንግሊዝ የካሳ ሕግ ነው። ይቅርታ መጠየቅ ብቻውን ጥፋትን እንደ ማመን አይቆጠርም ይላል። አፌን የፈታልኝ እሱ ነው። እርግጥ እዚህም ፈርቶ የሚደብቅ አለ።

አገር ቤት ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። ያለ ታማሚው ፈቃድ ሕክምና እንዳይሰጥ በእኛ አቆጣጠር በ2006 የወጣው ደንብ ቁጥር 299 ደንግጓል። ነገር ግን አስታማሚ ሲፈርምለት፣ ታማሚው ለምን እንደተፈረመ ሳያውቅ ቀዶ ሕክምና ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ስህተቷን የምትናገር ነርስን የሚጠብቅ ከለላ ደግሞ በሥራ ዘመኔ አላጋጠመኝም። ብቻዋን ሙሉ ዋርድ ተሸክማ፣ ስትሳሳት ብቻዋን የምትቀጣ ሴት እውነቱን እንድትናገር መጠበቅ ከባድ ነው። መጀመሪያ መስተካከል ያለበት ይህ ይመስለኛል።

ያቺን ልጅ ዛሬ ሌሊቱ ቢመለስልኝ እንዲህ እላት ነበር፦ «አባትሽ የወሰዱት ክኒን የሌላ ሰው ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። እስኪነጋ ብቻቸውን እንዳይነሱ፤ ካዞራቸው ቶሎ ጥሪኝ።»