መንጋጋ ቋ ባለ ቁጥር ብሬስ አይታዘዝ

የጥርስ ሐኪም መሆናችሁ ከታወቀ ጎንደር ውስጥ የሚመጣላችሁ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ብሬስ፣ ማለትም ጥርስ ስለሚያስተካክለው ሽቦ ነው። ፒያሳ ቡና ላይ ተቀምጣችሁ አንዱ ስልኩን ያወጣና የእህቱን ጥርስ ፎቶ ያሳያችኋል። «ይስተካከላል? ስንት ይፈጃል?» ሰው ስለ ጥርሱ ማሰቡ ደስ ይላል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ብዙም የማይጠየቀው ነገር ነው። በሽተኛው መጥቶ እንዲህ ይላል፦ «ጆሮዬ ሥር ያመኛል። አፌን ስከፍት ቋ ይላል። ጠዋት ጉንጬ ዝሎ ነው የምነሳው።» ይህ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም ነው፤ መገጣጠሚያውን በሙያው ቲኤምጄ እንለዋለን። በጥርስ ሕክምና ትምህርት ውስጥ የሚሰጠው ቦታ ግን በጣም ትንሽ ነው። ብዙ ጊዜ ኦርቶዶንቲክስ (ጥርስ ማስተካከል) ኮርስ ጭራ ላይ ተለጥፎ ይመጣል። እኔ የምለው ይለይ ነው። ራሱን ችሎ ይሰጥ፣ በእጅም ይሠራ።

እስቲ ጣታችሁን ከጆሯችሁ ፊት አድርጉና ቀስ ብላችሁ አፋችሁን ክፈቱ። አጥንቱ መጀመሪያ ባለበት ይዞራል፣ ከዚያ ወደ ፊት ይንሸራተታል። በሁለቱ አጥንቶች መሃል ዲስክ የምንለው ትራስ የመሰለ ነገር አለ። ዲስኩ ከቦታው ወደ ፊት ካፈተለከ፣ አፍ ሲከፈት አጥንቱ ተመልሶ ሲወጣበት ነው ያ ድምፅ የሚሰማው። ድምፁ ብቻውን ከሆነና ሕመም ከሌለው ብዙ ጊዜ ሕክምና አያስፈልገውም። ዲስኩ አልመለስ ካለ ግን አፍ ይያዛል፤ 40 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ይከፈት የነበረው ወደ 25 ወይም 30 ይወርዳል። የብዙ ሰው ሕመም ደግሞ ከነጭራሹ ዲስኩ ላይ አይደለም፣ የማላመጫ ጡንቻው ላይ ነው።

አንዲት እናት ታማ መጣች። ለወራት ጆሮዋን ስትታከም ቆይታ፣ ጠብታ ተሰጥቷት፣ አልለቃት ሲል ደግሞ በዚያው በኩል ሁለት መንጋጋ ጥርስ ተነቅሎላት። ሕመሙ እንዳለ ነው። ጥርሶቿን አየሁ፣ ጫፋቸው ተልጓል። ጉንጯ ላይ፣ ከጆሮዋ ዝቅ ብሎ፣ ጡንቻውን በሁለት ጣት ጫን ሳደርገው እጄን ያዘችኝ። «እሱ ነው! እሱ ነው የኔ ልጅ!» አለችኝ። ሌሊት ጥርስ ታፋጫለች፣ ይህንን ደግሞ ባለቤቷ ከማንም በፊት ያውቃል፤ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም። ጾም ስለነበር ቆሎ ታዘወትራለች። ቆሎውን ለጊዜው ይተዉት፣ በሽሮ ይቆዩ፣ በሞቀ ፎጣ ይያዙት፣ ቀን ላይ ጥርስዎን ነክሰው እንዳይቆዩ አልኳት። ማታ ጥርስ ላይ የሚጠለቅ ስፕሊንትም ተሠራላት። ሕመሙ እየቀነሰ ሄደ። የተነቀሉት ጥርሶች ግን አይመለሱም፤ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ይህ ስህተት የመጣው ከትምህርታችን ሥር ነው። አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ኤድዋርድ አንግል በፈረንጆቹ 1899 የጥርስ አገጣጠምን በሦስት ከፈለ፣ እስከ ዛሬም እንማርበታለን። በ1934 ደግሞ ጄምስ ኮስተን የተባለ የጆሮና የአፍንጫ ሐኪም የጆሮና የመንጋጋ ሕመምን ከጥርስ መነቀልና ከአገጣጠም መበላሸት ጋር አያያዘው። ከዚያ ወዲህ ለአሥርተ ዓመታት «አገጣጠሙን አስተካክል፣ ሕመሙ ይለቃል» ተባለ። ጥርስ ተሞረደ፣ ካፕ ተደረገ፣ ሽቦ ታሰረ። በ1987 አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ አንዲት ታካሚ ብሬስ መንጋጋዬን አበላሸው ብላ ከሳ ትልቅ ካሳ ተፈረደላት። ኦርቶዶንቲስቶቹ ደነገጡ፣ ጥናት ላይ ገንዘብ አፈሰሱ። ጥናቶቹ ተደጋግመው ያሳዩት በአጭሩ ይህ ነው፦ ብሬስ በአብዛኛው ሕመሙን አያመጣም፣ አያድንምም። ይህንን አንድ ዓረፍተ ነገር የማያውቅ ተማሪ ተመርቆ ሲወጣ፣ መንጋጋዋ ቋ ያለባትን ልጅ ሁሉ ሁለት ዓመት ሽቦ ያስራል፣ ቤተሰቧንም ብዙ ብር ያስወጣል።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የብሔራዊ ሳይንስ አካዳሚዎች በ2020 ባወጡት ሪፖርት የጥርስ ሐኪሞች በዚህ ሕመም ላይ የሚያገኙት ሥልጠና በቂ እንዳልሆነ ጽፈዋል። በዚያው ዓመት የአፍና የፊት ሕመም ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ ሆኖ እውቅና አገኘ።

«እኛ ጋ ኤምአርአይ እንደ ልብ የለ፣ ምን ይሠራል?» የሚል ይኖራል። ለአብዛኛው በሽተኛ አያስፈልግም። ማስመሪያ፣ ሁለት ጣትና ረጋ ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ጎንደር ደግሞ ለዚህ አዲስ አይደለችም። በፈረንጆቹ 1954 የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ስሙን የተከለው ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ልኮ ማሠልጠን ላይ ነው። ጥርስ ሐኪሙም በዚያ መንፈስ ይሠልጥን። ሲያዛጋ መንጋጋው ወልቆ አፉን መዝጋት ያቃተው ገበሬ ወጌሻ ፍለጋ እንዳይዞር፣ አውራ ጣትን በፋሻ ጠቅልሎ የታች መንጋጋ ጥርስ ላይ አድርጎ ወደ ታችና ወደ ኋላ መግፋትን ተማሪው በእጁ ይልመድ። አፉ አልከፈት ላለው ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት ቁስል ይጠየቅ፣ መንጋጋ ቆልፍ ሊሆን ይችላልና።

ኦርቶዶንቲክስን ማሳነሴ አይደለም። የታች መንጋጋው ወደ ፊት የወጣ ሕፃን በሰባት ዓመቱ ገደማ ቢታይ ብዙ ነገር ይተርፋል። የምጠይቀው ሽቦ ከመታሰሩ በፊት ካርዱ ላይ አፉ ስንት ሚሊሜትር እንደሚከፈት፣ ድምፅ እንዳለውና ሲጫኑት እንደሚያመው እንዲጻፍ ነው። ሕክምናው መሃል ላይ ድምፅ ቢጀምር ቤተሰቡ ሽቦውን ነው የሚወቅሰው፤ ሐኪሙም ከበፊቱ ጋር የሚያስተያየው ነገር ያስፈልገዋል። የክሊኒክ ፈተና ላይም አንዱ ጣቢያ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ምርመራ ይሁን፣ መምህሩ አጠገቡ ቆሞ የተማሪው ጣት የት ላይ እንዳረፈ ይይ።