ዲጄውን ተዉትና አስጎብኚ ቅጠሩልን

«የፊታችን እሁድ ሃይኪንግ ወደ መናገሻ ሱባ! ትራንስፖርት፣ ቁርስ፣ ምሳ፣ ውሃ፣ ፎቶና ዲጄ ጨምሮ!» እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ ሐሙስ ሐሙስ ቴሌግራሜን ያጥለቀልቀዋል። አልጠላሁትም። ካፌ ተጎልቶ ከመዋል ተራራ መውጣት በስንት ጣዕሙ።

ቅሬታዬ ዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለው ሰው ነው። አስጎብኚ የለም። አለ ከተባለም ፊት ፊት እየሄደ «በዚህ በኩል! ቶሎ ቶሎ በሉ፣ ምሳው እየቀዘቀዘ ነው!» የሚል ልጅ ነው። መንገዱን ያውቃል። ጫካውን ግን ከእኛ በላይ አያውቀውም።

የእንጦጦን ነገር ልንገራችሁ። ሸንተረሩ ላይ ዝናብ ሲጥል ውሃው ለሁለት ይከፈላል። ወደ ደቡብ የወረደው በቀበናና በመሰሎቹ በኩል አቃቂ ይገባል፤ ከዚያ አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽም አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ደርሶ እዚያው ይቀራል። ባሕር አያይም። ወደ ሰሜን የወረደው ደግሞ የሱሉልታን ሜዳ አልፎ በሙገር በኩል አባይን ያገኛል፤ ሱዳንን አቋርጦ ግብፅ ይደርሳል። ስለ አባይ ሲወራ ሁላችንም አንደበተ ርቱዕ ነን። የአባይ ተፋሰስ ድንበር ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ተይዞ እንደሚደረስበት የነገረን ጋይድ ግን አላጋጠመኝም። እዚያው ቦታ ላይ ግን ቆመን ሰልፊ እንነሳለን።

ባሕር ዛፉም የራሱ ታሪክ አለው። የአውስትራሊያ ዛፍ ነው፤ በምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ማብቂያ ገደማ ገባ። አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ ሁሉ ነበር። ይህ ዛፍ ነው ያቆያት። ግን ከሥሩ ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ። የደረቀ ቅጠል እንጂ ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም። ባለውለታችንም ነው፣ ሥሩን ያራቆተውም እሱው ነው። ሁለቱንም የሚነግረን ሰው ያስፈልገናል። ቅጠልና እንጨት ተሸክመው ጎብጠው የሚወርዱትን እናቶች ፎቶ ለማንሳት እንሽቀዳደማለን። ስለዚያ ተራራ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? «እንደምን አደሩ እናቴ» ብሎ የሚጠይቃቸው ግን የለም።

መናገሻ ሱባ ስንሄድማ ነገሩ ይብሳል። ደኑ ያለው ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የወጨጫ ተራራ ላይ ነው። ጥዱን በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘሩን ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ጥድ አለ፣ ዝግባ አለ፣ ወይራ አለ፣ ከፍ ሲባል አስታ አለ። እኛ «ዋው፣ አረንጓዴ!» ብለን እናልፋለን።

አንድ ዛፍ ብቻ ልምረጥ፤ ኮሶን። ልጡ ቀላ ያለ ነው፤ እየተላጠ ይንጠለጠላል። አበባው ዘለላ ዘለላ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል። ሴቴውና ወንዴው ለየብቻ ዛፍ ናቸው። ቀላ ብሎ ከበድ የሚለው የሴቴው አበባ ነው፤ ለመድኃኒት የሚፈለገውም እሱ ነው። አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ በልተው ትል ሲይዛቸው ይህንኑ አበባ ወቅጠው፣ ፊታቸውን አጨማደው ይጠጡት ነበር። እኛ ደግሞ ከሥሩ ፎቶ ተነስተን ስናበቃ፣ በመልስ ጉዟችን ቁርጥ ቤት ጎራ እንላለን። ዛፉ አፍ ቢኖረው ይታዘበን ነበር።

ስፒከሩንስ ምን ልበል? መናገሻ ጉሬዛ አለ፤ በአገራችን ብቻ የሚገኘው የምኒልክ ድኩላም አለ። ቤዙ ከሩቅ እየደለቀ ድኩላ አያለሁ ማለት ዘበት ነው። ያየነው እንስሳ ቢኖር ፈረስ ነው፤ እሱም ታስሮ። መንገድ ዳር የሚጣለውን ሃይላንድ ዛሬ አላነሳም፣ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።

አዘጋጆቹ መልስ አላቸው። «ሰው የሚመጣው ሊዝናና እንጂ ክፍል ሊማር አይደለም» ይላሉ። እውነት አለው። ሳምንቱን ሙሉ በታክሲ ሰልፍና በአለቃ ጭቅጭቅ የተንገፈገፈ ሰው ተራራ ላይ ሌክቸር አይፈልግም። እኔም አልፈልግም። ግን የኮሶው ወሬ አያዝናናም? የዝናቡስ? አንድ ሰው አራት አምስት ቦታ ቆም አድርጎ ሁለት ሁለት ደቂቃ ቢያወራን ጨዋታው ይደምቃል እንጂ አይሞትም።

ሰዉ ደግሞ አልጠፋም። በባዮሎጂ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ልጅ ሞልቷል። እዚያው አካባቢ ከብት እየጠበቀ ያደገ ልጅ ደግሞ ድኩላው በየት በኩል እንደሚወርድ፣ የትኛው ቅጠል ለምች እንደሚሆን ያውቃል። ሁለቱን አንድ ላይ መቅጠር ይቻላል። የአካባቢው ልጅ ሲከፈለው ደግሞ ጫካው ሳይቆረጥ መቆሙ ለእሱም ገቢ ይሆነዋል።

ብቻ ስድሳ ሰው በሁለት ኮስተር አጭቆ ይህ አይሆንም። ጋይዱ ፊት ሆኖ ሲያስረዳ ከኋላ ያለው የሚሰማው የፊተኞቹን ሳቅ ብቻ ነው። አሥራ አምስት፣ ቢበዛ ሃያ ሰው ይበቃል። «ታዲያ እንዴት ያዋጣናል?» የሚል አዘጋጅ ካለ ሂሳቡ ከባድ አይደለም። ለዲጄው፣ ለቲሸርቱና ለድሮኑ የሚወጣውን ለአስጎብኚዎቹ ያዙሩት። ከጎደለ ዋጋ ጨምሩብን፤ እኔ በበኩሌ እከፍላለሁ።