ስለ ሕዝብ መዋኛ ገንዳዎች ለምታመነቱ ወገኖቼ

ወገኖቼ፣ የገንዳው ሴራሚክ ሲረግፍ እያያችሁ፣ ፓምፑ ተበላሽቷል እየተባለ በሩ ሲዘጋና ሲከፈት ዓመታት አለፉ። ገንዳው ይዘጋ የሚል ሲመጣ ትቆጣላችሁ፤ ለማደሻ ገንዘብ ያስፈልጋል የሚል ሲመጣም ትቆጣላችሁ። ይጠገን ወይስ ፈርሶ ይሠራ ተብሎ ምክር ሲጠራ ግን አትገኙም። እንዲጠፋ አልፈልግም እያሉ እንዲኖር የሚያስፈልገውን መከልከል አቋም አይባልም። እንዲህ ከቀጠላችሁ ገንዳዎቹን የምትዘጉት እናንተው ናችሁ።

ማመንታቱ ወጪ የለውም ብላችሁ ከሆነ ይህን አስሉ። 50 ሜትር በ25 ሜትር የሆነ ገንዳ በቀን 1 ሴንቲ ሜትር ውኃ ብቻ ቢያፈስ 12,500 ሊትር ይጠፋል። ያውም ተጣርቶ፣ ክሎሪን ገብቶበት፣ አንዳንዴም ሞቆ የተዘጋጀ ውኃ ነው። ወደ ታች ሲሰርግ ከወለሉ ሥር ያለውን አፈር እየሸረሸረ ይሄዳል። በስንጥቁ የሚገባው ክሎራይድ፣ ማለትም ክሎሪኑ ውኃው ውስጥ የሚተወው ጨው፣ አርማታው ውስጥ ያለው ብረት ዘንድ ሲደርስ ብረቱ ይዝጋል፤ ዝገቱ ደግሞ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ አርማታውን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ዛሬ በጥቂት ገንዘብ የሚደፈን ስንጥቅ ነገ ግድግዳ የሚያስፈርሰው በዚህ መንገድ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን አባባል እያወቃችሁት ለገንዳው ሲሆን ለምን ትረሱታላችሁ?

«ለጊዜው ውኃው ይውጣና ይዘጋ፣ ገንዘብ ሲገኝ ይታሰብበታል» የምትሉ ደግሞ አላችሁ። ይህ ከሁሉም የከፋ ምክር ነው። መሬት ውስጥ የተቀበረን ገንዳ በቦታው አጽንቶ የሚይዘው በውስጡ ያለው ውኃ ክብደት ጭምር ነው። የከርሰ ምድር ውኃው ከፍ ባለበት ቦታ ገንዳው ባዶ ከሆነ ግፊቱ ከሥር ያነሣዋል፤ ወለሉ ይሰነጠቃል፣ ቧንቧዎቹ ይበጠሳሉ። ለዚህ የተሠራ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ቢኖርም የሚከታተለው ሰው ከሌለ ይደፈናል። ባለሙያ ሳታማክሩ ውኃውን ማስወጣት ገንዳውን ለጊዜው መዝጋት ብቻ ሆኖ ላይቀር ይችላል።

ጣሪያ ስላላቸው ገንዳዎች ስናገር ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ኡስተር በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 የተከፈተ አንድ የሕዝብ መዋኛ ነበር። በ1985 ግንቦት ወር የኮንክሪት ኮርኒሱ ተደርምሶ 12 ሰዎች ሞቱ። ኮርኒሱን ያንጠለጠሉት ዘንጎች አይዝጌ ከሚባለው ብረት የተሠሩ ነበሩ፤ የገንዳው አየር የተሸከመው ክሎራይድ ግን ቀስ በቀስ በልቷቸዋል። አሥራ ሦስት ዓመት ብቻ ያገለገለ ሕንፃ ነው። እንግዲህ «ሳየው ደህና ነው፣ ምን ይሆናል» የሚል ሰው ምን ማስረጃ ይዞ ነው? ዘንግ በዓይን አይመረመርም። ላቡንና ሽንቱን ገንዳው ውስጥ የሚለቅም ራሱን ይገሥጽ። ክሎሪን ከእነዚህ ጋር ሲዋሃድ ክሎራሚን ይፈጠራል፤ ዓይን የሚያቃጥለው፣ ብዙዎች የንጽሕና ምልክት የሚመስላቸው ጠረን የእርሱ ነው። ይኸው ክሎራሚን ብረትም ይበላል። ከመግባታችሁ በፊት ገላችሁን መታጠብ የከበደባችሁ ሰዎች፣ ስለ ሕንፃው እርጅና ለማማረር መብቱን ከየት አገኛችሁት?

የእኔን አቋም ልንገራችሁ። የገንዳው አካል ጤነኛ ከሆነ ይጠገን። ማጣሪያ፣ ፓምፕና ቫልቭ ይለወጣሉ፤ በተለይ ፍጥነቱ የሚስተካከል ፓምፕ ብልህ ወጪ ነው፣ የፓምፕ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የሚወስደው ኃይል ወደ አንድ ስምንተኛ ገደማ ይወርዳልና። ከወለሉ ሥር የተቀበሩት ቧንቧዎች ከበሰበሱ፣ አርማታውም ከውስጥ ከተበላ ግን መለጠፉ ይብቃ፤ ልጅነታችሁን ያሳለፋችሁበት ስለሆነ ብቻ አታስታምሙት፣ ፈርሶ ይሠራ። የትኛው የቱ እንደሆነ የሚታወቀው ደግሞ የፍሳሽ ልኬት ተደርጎ፣ ቧንቧው በግፊት ተፈትሾ፣ ከአርማታው ናሙና ተወስዶ ነው። በጩኸት አይታወቅም።

ሦስት ትንንሽ ገንዳዎች ተዘግተው በምትካቸው አንድ ግዙፍ፣ ባለ መንሸራተቻና ባለ ፏፏቴ መዝናኛ ይሠራ የሚለው ሐሳብ ሲቀርብ ግን ቶሎ አታጨብጭቡ። መኪና ያለው ይደርስበታል። በእግሩ የሚመጣው ልጅ ግን ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በመስጠም ወደ 300,000 የሚጠጉ ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል፤ ከእነዚህ ሩብ ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ድርጅቱ ከሚመክራቸው መከላከያዎች አንዱ ለትምህርት ዕድሜ የደረሱ ልጆችን መሠረታዊ ዋና ማስተማር ነው። ልጅ ዋና የሚማረው በቅርቡ ያለ፣ ዋጋው የማይጎዳው፣ ጥልቀቱ ለቁመቱ የሚስማማ ውኃ ሲያገኝ ነው። ንድፉ ሲመረጥ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፤ መንሸራተቻው ይቆይ። የግል ክለብ አባል የሆናችሁም ጉዳዩ አይመለከተንም አትበሉ፤ የጎረቤታችሁ ልጅ የክለብ ካርድ የለውም።

ስለዚህ በሚቀጥለው የምክር ቤት ስብሰባ ላይ ተገኙ። የእያንዳንዱ ገንዳ የምርመራ ውጤት በሕዝብ ፊት ይነበብ በሉ፤ ሳይነበብ ድምፅ እንዲሰጥበት አትፍቀዱ። የሚቀርበው ዋጋ የግንባታውን ብቻ ከሆነ መልሱት፤ የኤሌክትሪኩን፣ የኬሚካሉን፣ የነፍስ አድን ሠራተኞቹን ደመወዝና የየዓመቱን ጥገና ደምሮ እንዲመጣ ጠይቁ። የጥገናው ገንዘብም ለሌላ ሥራ እንዳይዞር ተለይቶ ከግንባታው በጀት ጋር በአንድ ቀን ይጽደቅ።