ካሎሪ በዱቤ

የደሴ ሰላምታ ረጅም ነው። ጤናው፣ ልጁ፣ ጎረቤቱ፣ ዝናቡ ሳይቀር ተራ በተራ ይጠየቃል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ጥያቄ ተጨምሮበታል፦ «ዛሬ ስንት አቃጠልክ?» ተጠያቂው እጅጌውን ሰብስቦ ስማርት ሰዓቱን ያይና «612 ካሎሪ!» ይላል። ስድስት መቶ ገደማ ቢል ማን ይከሰው ነበር? ግን ሰውን የምታሳምነው ያቺ 12 ናት።

ሰዓቱ ሆድ ውስጥ የሚነድ ነገር አይቶ አያውቅም። ከሥሩ አረንጓዴ መብራት እያበራ ከቆዳ ሥር የሚያልፈውን ደም ያያል፤ ከዚያ የልብ ምት ይቆጥራል። የእጅን እንቅስቃሴ ይመዘግባል። በዚህ ላይ ባለቤቱ የሞላለትን ዕድሜ፣ ቁመት፣ ክብደትና ጾታ ጨምሮ በቀመር ይገምታል። ክብደት ሲሞላ ደግሞ ማን እውነት ይናገራል? አንድ ወዳጄ የሞላው ያለውን ሳይሆን የሚመኘውን ነው።

በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት ዓይነት የእጅ መሣሪያዎችን በ60 ፈቃደኞች ላይ ሞክረው ነበር። የልብ ምት ላይ ስድስቱ ከ5 በመቶ በታች ብቻ ተሳሳቱ፤ ጎበዞች ናቸው። ካሎሪ ላይ ሲደርሱ ግን የተሻለው በአማካይ 27 በመቶ፣ የባሰው 93 በመቶ ሳተ። በተሻለው እንኳ ብንሄድ ከ612ቱ 165 ያህሉ አጠራጣሪ ነው፤ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል መሆኑ ነው።

በደንብ ለማወቅ የሚተነፈሰውን አየር የሚለካ ጭምብል አፍና አፍንጫ ላይ ገጥሞ መሮጥ ያሻል። እንዲያ ሆኖ የጦሳን ተራራ የሚወጣ ሰው ከታየ ግን ክርስቲያኑ ጎረቤት ጠበል፣ ሙስሊሙ ጎረቤት ዱዓ ያዝለታል። ወሎ ነውና ሁለቱም አይቀርለትም።

ሰዓቱ የሚያምነው እጅን ነው። መንዙማ ላይ ሲያጨበጭብ ያመሸ፣ ቁጭ ብላ ቡና የወቀጠች፣ ሁሉም እርምጃ ሊቆጠርላቸው ይችላል። ከተራራው እንጨት ተሸክማ የምትወርደው እናት ሰዓት ብታስር ግን እጇ ገመዱን ጨምድዶ ስለያዘ እርምጃዋ ሊዘለል ይችላል። የጀርባዋ ሸክም ስንት ኪሎ እንደሆነም አብዛኛው ሰዓት አይጠይቅም። ደግነቱ እሷን «ስንት አቃጠልሽ?» የሚላት የለም።

ወዳጄ ግን ካሎሪውን በዱቤ ይበላል። ጠዋት ዳገት ወጥቶ 612 ካስመዘገበ ማታ ጥብስ ያዛል፤ «ተቃጥሏል» ይላል። ከዚያ ውስጥ ተኝቶም ቢሆን ለመተንፈስና ለልብ ምቱ የሚያወጣው ሊኖር እንደሚችል ብነግረው ቅር አለው። ሦስተኛውን ስኒ ጠጥቶ ዕድር ስብሰባ ላይ ስለ ገንዘብ ያዡ ሲጮህ የሰዓቱን የስፖርት መቁጠሪያ ማጥፋት ረስቶ፣ ልቡ ስለመታ ብቻ ሲቆጠርለት አምሽቷል። ያንንም በልቶታል።

ባለፈው ፒያሳ ጫማ ሲያስጠርግ ቀኑ ሊመሽ ነው፣ የዕለቱ እርምጃ አልሞላም። ሰዓቱን ፈቶ ለሊስትሮው አሰረለት። ልጁ ብሩሹን ወዲያ ወዲህ ሲያመላልስ ቁጥሩ ይሮጥ ጀመር። ወዳጄ ደስ ብሎት የጥብሱን ቤት በዓይኑ ይፈልጋል። ልጁ ሰዓቱን አየት አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ያቃጠልኩትስ እኔ ነኝ፤ ጥብሱንም እኔው ልብላዋ!»