ውሻውን ይዘው መጡ

ስለ አንዲት የእንስሳት ሐኪም በተጻፈ ጽሑፍ ላይ ዶክተሯ ሙያውን የመረጠችው ወድዳ እንደሆነ ሳነብ ራሴን ያየሁ መሰለኝ። እኔም መንዝ ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ቢሾፍቱ ስማር ዘመዶቼ «የላም ሐኪም ልትሆን?» እያሉ ያዝኑልኝ ነበር። ዛሬ ላማቸው ምጥ ሲጠናባት በሌሊት የሚደውሉት ለእኔ ነው። ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ጠቦታቸውን በጋቢ አቅፈው መጡ። መሬት ሳስቀምጠው አንገቱን አዘንብሎ በአንድ ጎን ብቻ ይዞራል። አዙሪት የሚባለው በሽታ ነው። አንጎሉ ውስጥ ውሃ የቋጠረ የትል እጭ አለ። እጩ የሚፈለፈለው ከውሻ ሰገራ ጋር ከሚወጣ የትሉ እንቁላል ነው፤ ውሻው ደግሞ የሚይዘው የታመመ በግ ጭንቅላት ሲበላ ነው። እባካችሁ ጭንቅላቱን ለውሻ አትጣሉ፣ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት።

ጠቦቱ አልዳነም፣ በጣም አዘንኩ። ዘንድሮ ግን እኚያው እናት ውሻቸውን በገመድ እየጎተቱ መጡ። «የትል መድኃኒት ስጥልኝ ልጄ» አሉኝ።